በጅማ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ፕሮቶታይፕ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ጅማ ውስጥ ባዮሜዲካል ምሕንድስና ለሚማሩ፣ በጤና ተቋማት የሕክምና መሣሪያ ለሚጠግኑና በራሳቸው ወርክሾፕ ለሚሞክሩ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ቁጥሮቹ ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር ለሆነ፣ በ2 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ባለ አንድ ዲስክ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል) ናቸው።

በመመረቂያ ፕሮጀክት ጊዜ ውስጥ ምስል የሚያሳይ አልትራሳውንድ ከባዶ መሥራት ይቻላል?

ሙሉውን ከባዶ ከሆነ አይቻልም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ወራት ያተርፋል። የሆስፒታል ፕሮብ ፊቱ ላይ በአብዛኛው ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ድምፅንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ 128 ያህል ጥቃቅን የሴራሚክ ክፍሎች አሉት፤ ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ይህን ለመሰንጠቅ ውፍረቱ ከ30 እስከ 50 ማይክሮሜትር የሆነ የአልማዝ መጋዝ ያስፈልጋል። በቶርኖ ቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።

የሚያዋጣው በደረጃ መሄድ ነው። መጀመሪያ አንድ ዲስክ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ የሚመለሰውን ኤኮ በኦሲሎስኮፕ ማየት። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ፦ የፅንስ ልብ ምት ማዳመጫ ዶፕለር መሥራት፣ ወይም ያንኑ ዲስክ በትንሽ ሞተር ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ምስል መሳል። ባለ 128 ክፍል ፕሮብ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ፕሮቡን ገዝቶ ኤሌክትሮኒክሱንና ሶፍትዌሩን ብቻ ይሥራ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ቡድን ዶፕለርን ቢመርጥ እንመክራለን። በሰከንድ 30 ሴንቲሜትር የሚንቀሳቀስ ነገር በ2 ሜጋኸርዝ ላይ የሚፈጥረው የድግግሞሽ ለውጥ 780 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ስፒከር ይሄዳል፣ ፈጣን ዲጂታል መቀየሪያ አያስፈልገውም። ሁለት ግማሽ ክብ ሴራሚክ ይበቃል፤ አንዱ ያለማቋረጥ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ጀርባቸው ላይ አየር ይተዋል እንጂ ሙሌት (ንዝረትን ቶሎ የሚያረጋጋ ድብልቅ) አይደረግም። ዶፕለር ግን የፅንሱን ዕድሜ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው ዕድሜውን በትክክል ለማወቅ ጭምር ነው፤ ለዚያ ምስል ግድ ይላል።

የትኛው ክፍል ነው በፍጥነት የሚሠራው? የትኛው ነው ጊዜ የሚፈልገው?

መያዣው፣ ሰርኪውት ቦርዱና ሶፍትዌሩ በፍጥነት ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ እንደገና ይሠራሉ። ድምፅ የሚያልፍበት መንገድ፣ ማለትም ሴራሚኩ፣ የጀርባ ሙሌቱ፣ ድምፁን ወደ ሥጋ የሚያሻግረው የፊት ሽፋንና በመሃላቸው ያለው ማጣበቂያ፣ አይቸኩሉበትም። ፕሮጀክት የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ተቸኩሎ ነው፤ ተቻኩሎ የተጣበቀ ዲስክ ደካማ ኤኮ ይሰጣል፣ ቡድኑም ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይከርማል።

እያንዳንዱ ስሪት አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። ስሪት 2 የጀርባ ሙሌቱን ከቀየረ መያዣውም ቦርዱም እንደነበሩ ይቆዩ። ሁለት ነገር በአንዴ ተቀይሮ ምልክቱ ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አይታወቅም።

ዲስኩን፣ የጀርባ ሙሌቱንና የፊት ሽፋኑን እንዴት ልገጣጥም?

መጀመሪያ ምክንያቱ። ፒዜቲ የሚባለው ሴራሚክ አኩስቲክ ኢምፒዳንሱ (ድምፅ ሲያልፍበት የሚገጥመው መቋቋም) 30 ሜጋሬይል ገደማ ነው፤ የሰው ሥጋ 1.5 ገደማ። ሁለቱ በቀጥታ ሲገናኙ ከጉልበቱ 80 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ ይነጥራል። አየር ደግሞ 0.0004 ብቻ ነው፤ በመሃል የገባች ስስ የአየር ንጣፍ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ትዘጋዋለች ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የመጣ ነው።

ለ2 ሜጋኸርዝ የዲስኩ ውፍረት 1 ሚሊሜትር ነው። በሴራሚኩ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 4,000 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ውፍረቱም የሞገዱን ርዝመት ግማሽ መሆን አለበት። ጅማ ገበያ ላይ ስለማይገኝ ከውጭ ሲያዙ ሁለቱም ፊቱ ብር የተቀባ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዓይነቱንም ስም ይዩ። ፒዜቲ 5ኤ ባሕርይውን የሚያጣው 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ፒዜቲ 5ኤች ግን 190 አካባቢ ላይ ያበቃለታል። በ320 ዲግሪ ሶልደር የተደረገ 5ኤች ዲስክ ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ ሲሞክሩት ግን አይሰማም። ስለዚህ በ138 ዲግሪ የሚቀልጠውን የቢስሙትና የቆርቆሮ ሶልደር ይጠቀሙ፣ ወይም ሽቦውን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ኢፖክሲ ያጣብቁ። ወደ ሰው የሚዞረው ፊት ሁልጊዜ ከግራውንድ ጋር ይገናኝ፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከኋላ ይግባ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዲስኩን ካፓሲታንስ በመልቲሜትር ይለኩ። 5ኤ ከሆነ 1.2 ናኖፋራድ አካባቢ ያሳያል። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ይህን መለኪያ ይድገሙት፤ ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ዲስኩ ተሰንጥቋል ወይም ሽቦው ተላቋል፣ ከዚያ በላይ መቀጠል ኢፖክሲ ማባከን ነው።

ለጀርባ ሙሌት የተንግስተን ዱቄትና ኢፖክሲ በክብደት 4 ለ1 ይቀላቀላል፤ 7 ሜጋሬይል አካባቢ ይሰጣል። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይሁን፤ የኋላ ጫፉ ዘመም ተደርጎ ይቆረጥ። ቀጥ ካለ ድምፁ እዚያ ነጥሮ ይመለስና ምስሉ ላይ የውሸት መስመር ይሠራል። ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ዲስኩ ከሥር ሆኖ ሙሌቱ ከላይ ይፈሰስ።

በ5 ደቂቃ የሚደርቅ ኢፖክሲ ለዚህ አይሆንም፤ አረፋው ሳይወጣ ይጠነክራል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን፣ 24 ሰዓት የሚፈልገውን ይውሰዱ። ድብልቁን ቫኪዩም ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ መጀመሪያ ገንፍሎ ይነሳል፣ ስለዚህ ዕቃው ከድብልቁ ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሚይዝ ይሁን። እዚህ ጋ ጅማን የሚመለከት ነገር አለ፦ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የቫኪዩም ጌጁ በመመሪያው ላይ እንደተጻፈው እስከ 1 ባር ኔጌቲቭ አይወርድም፤ 0.8 አካባቢ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ተበላሸ ብለው እንዳይፈቱት። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ኢፖክሲው ስለሚዘገይ 40 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ሳጥን ውስጥ ማሳደር ይሻላል።

የፊት ሽፋኑ ውፍረት የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው። ጥሩ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄትና ኢፖክሲ እኩል በክብደት ሲቀላቀሉ 4 ሜጋሬይል ገደማ ይሰጣሉ፣ ይህም ለአንድ ሽፋን የሚፈለገው ነው። ድምፅ በውስጡ በሰከንድ 2,600 ሜትር ቢጓዝ ሩቡ 0.32 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ውፍረት በቀጥታ ማፍሰስ አይቻልም፦ 0.5 ሚሊሜትር አፍስሰው ሲደርቅ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በውኃ እያራሱ በ600 ከዚያም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያውርዱት። በየጊዜው አምስት ቦታ ላይ ይለኩ። የ0.03 ሚሊሜትር ስህተት 10 በመቶ ያህል ነውና ጊዜ ይስጡት። ከተመሳሳይ ድብልቅ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ለብቻው አፍስሰው ድምፅ የሚያልፍበትን ጊዜ ቢለኩ ትክክለኛውን ፍጥነት ያውቃሉ፤ ከመጽሐፍ ከተወሰደ ቁጥር ይልቅ ይህ ይታመናል።

ፒዜቲ እርሳስ አለበት። በደረቁ አይሞረድ፤ ጭምብልና ጓንት ይደረግ፣ አጣቢው ውኃም መሬት ላይ አይደፋ።

የፕሮቡን ፊት ወይም ሌንስ በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ይቻላል?

መያዣውን አዎ፣ ፊቱን አይሆንም። በሚቀልጥ ክር የሚታተም ዕቃ ውስጡ መቶ በመቶ ሙላ ቢባል እንኳ በመስመሮቹ መሃል ጥቃቅን አየር ይቀራል። አየር ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተነግሯል። ሌላም ስህተት ይደጋገማል፦ የሆስፒታል ፕሮብ ላይ ያለውን ጉብ ያለ ሌንስ አይቶ ያንኑ ቅርጽ በፕላስቲክ ማተም። የሆስፒታሉ ሌንስ ሲሊኮን ነው፤ በውስጡ ድምፅ በሰከንድ 1,000 ሜትር አካባቢ፣ ከሰውነት (1,540) ቀርፋፋ ሆኖ ይጓዛል፤ ጉብ ሲል ያሰባስባል። በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ፍጥነቱ ከ2,000 ይበልጣል፤ ጉብ ያለው ይበትናል። ከፕላስቲክ የሚሠራ ሌንስ ጎድጓዳ መሆን አለበት።

ለመያዣው ፒኢቲጂ የተባለው የፕሪንተር ክር ፒኤልኤ ከተባለው ይሻላል። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆየ መያዣ ይጣመማል። 0.2 ሚሊሜትር ንብርብር፣ አራት ግድግዳ። የንብርብሮቹ ስንጥቅ ጄልና ቆሻሻ ስለሚይዝ በፀረ ተህዋሲያን ቢጠረግም በእርግጥ ንጹሕ ሆነ አይባልም፤ ላዩ ላይ ስስ ኢፖክሲ ቀብተው ይድፈኑት። በሬዚን የታተመ ዕቃ ለስላሳ ቢሆንም በደንብ ያልበሰለ ሬዚን ቆዳ ያስቆጣል።

ዲስኩን በሞተር የሚያወዛውዝ ፕሮብ ከሆነ ዲስኩና የፊት ክዳኑ መሃል ፈሳሽ ያስፈልጋል። የጉሎ ዘይት ለዚህ የታወቀ ነው፤ የድምፅ ፍጥነቱ ለሰውነት ቅርብ ነው፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ድምፅ ስለሚውጥ ግን ንጣፉ ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ። አየሩን ቫኪዩም ውስጥ ካወጡ በኋላ በሁለት ቀዳዳ ይሙሉት፤ በአንዱ በሲሪንጅ ይግባ፣ በሌላው አረፋው ይውጣ።

ክረምት ላይ ፕሪንቱ ለምን ይበላሻል?

በሁለት ምክንያት። የጅማ ክረምት እርጥብ ነው፤ ክሩ እርጥበት ሲጠጣ ከአፍንጫው ሲወጣ እየተንጫጫ ይፈላል፣ ግድግዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ፒኢቲጂን በ65 ዲግሪ፣ ፒኤልኤን በ45 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያድርቁና በጥብቅ በሚዘጋ ባልዲ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ። ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። ፕሪንተሩ ካቆመበት ቢቀጥልም የቆመበት መስመር ላይ ስፌት ይቀራል፤ ዘይት ወይም ውኃ የሚያፈሰው በዚያ ነው። ለሰዓታት የሚታተመውን ክፍል ከሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ አድርገው በብሎን የሚገጣጠም ቢያደርጉት ይሻላል።

ኤሌክትሮኒክሱ ምን ምን ይፈልጋል?

አራት ነገር፦ አጭር የከፍተኛ ቮልቴጅ ምት የሚሰጥ ክፍል፣ ያ ምት ተቀባዩን እንዳያቃጥል የሚከላከል፣ ማጉያና ዲጂታል መቀየሪያ። ለምቱ ኤምዲ1213 ከቲሲ6320 ጋር፣ ለመከላከያው ኤምዲ0100፣ ለማጉያው ኤዲ8331 ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸውና ሰነዳቸው ግልጽ የሆነ ቺፖች ናቸው። ምቱ ከ50 እስከ 100 ቮልት፣ ርዝመቱ 250 ናኖሰከንድ ይሁን፤ ይህ የ2 ሜጋኸርዝ ዑደት ግማሽ ነው።

ማጉያው ከጥልቀት ጋር እየጨመረ መሄድ አለበት። ሥጋ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትርና ሜጋኸርዝ 0.5 ዴሲቤል ያህል ይውጣል። በ3.5 ሜጋኸርዝ 15 ሴንቲሜትር ለማየት ደርሶ መልሱ 30 ሴንቲሜትር ነውና 52 ዴሲቤል ይጠፋል። የኤዲ8331 የማጉላት መጠን የሚለዋወጠው በ48 ዴሲቤል ነው፤ ለ3.5 ትንሽ ያንሳል፣ ለ2 ሜጋኸርዝ ግን ይተርፋል።

የዳታውን መጠን ቀድመው ያስሉ። ድምፅ ለአንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት ደርሶ መልስ 13 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ 15 ሴንቲሜትር 195 ማይክሮሰከንድ። በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ከተለካ አንድ መስመር 7,800 ቁጥር ነው፣ በሁለት ባይት ሲያዝ 15.6 ኪሎባይት። 128 መስመር በሰከንድ 20 ጊዜ ሲላክ 40 ሜጋባይት ይሆናል፤ ዩኤስቢ 2.0 ይህን በተግባር ለመሸከም ይቸገራል። ስለዚህ የምልክቱን ጉልላት (የከፍታውን ቅርጽ ብቻ) ቦርዱ ላይ አውጥተው፣ ቁጥሩን ቀንሰው ይላኩ።

በብሬድቦርድ ላይ አይሞክሩት። በሜጋኸርዝ ደረጃ ቀዳዳዎቹና ሽቦዎቹ ራሳቸው ካፓሲተርና አንቴና ይሆናሉ። ባለ 4 ንብርብር ቦርድ አዝዘው አንዱን ንብርብር ሙሉ ግራውንድ ያድርጉ። የከፍተኛ ቮልቴጁ ካፓሲተር 1 ማይክሮፋራድ ከሆነ በትይዩ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ያድርጉለት፤ ከጠፋ 5 ሰከንድ በኋላ ከ1 በመቶ በታች ይቀረዋል። ያለዚህ ሬዚስተር የጠፋ ቦርድም ይነዝራል።

በምን ላይ ልሞክረው? የተዘጋጀ ፋንተም (ሥጋን የሚመስል መሞከሪያ) ውድ ነው።

እዚሁ ይሠራል። ለ1 ኪሎግራም፦ ውኃ 830 ግራም፣ ግሊሰሪን 112 ግራም፣ አጋር 30 ግራም፣ ጥሩ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት 18 ግራም፣ የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት 5 ግራም፣ እንዳይሻግት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ 5 ግራም ገደማ። ግሊሰሪኑ የድምፁን ፍጥነት ወደ 1,540 ያመጣል፤ ዱቄቶቹ እንደ ሥጋ ይበትናሉ። ሁለቱ ዱቄቶች ከጠፉ 15 ግራም የበቆሎ ስታርች ለመጀመሪያ ሙከራ ያገለግላል።

አጋር በደንብ የሚሟሟው ከ85 ዲግሪ በላይ ነው፤ ጅማ ላይ ውኃ የሚፈላው 94 አካባቢ በመሆኑ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ሞቀ ብለው አያውርዱት፤ ክዳኑን ገጥመው እህል እህሉ ጠፍቶ ጥርት እስኪል ያቆዩት፣ ዱቄቱ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ 50 ዲግሪ እስኪበርድ አረፋ ሳይፈጥሩ ቀስ ብለው ያማስሉ፤ ቶሎ ከፈሰሰ ዱቄቱ ከሥር ይዘቅጣል፣ ከ40 በታች ከወረደ ደግሞ ማሰሮው ውስጥ ይረጋል። በዕቃው ግድግዳ በኩል አስጠግተው ያፍስሱ። ከመፍሰሱ በፊት 0.2 ሚሊሜትር የዓሣ ማጥመጃ ክር በየ2 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይወጠር፤ ርቀቱን በካሊፐር ለክተው ይጻፉ። ውኃ የሞላ የጓንት ጣት ቋጥረው ቢያስገቡ የሽንት ፊኛን ይተካል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት።

ለውኃ ገንዳ ሙከራ ውኃውን 15 ደቂቃ አፍልተው ትኩስ እንዳለ ከድነው ያሳድሩት። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ የዲስኩ ፊት ላይ አረፋ ይሰበስባል።

ኤኮው ደካማ ነው፣ ወይም የሌለ ነገር ይታያል። ችግሩ ምን ላይ ነው?

የመጀመሪያው 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ሙሉ ነጭ ከሆነ ዲስኩ ከምቱ በኋላ ቶሎ አልተረጋጋም። የጀርባ ሙሌቱ አረፋ አለው፣ ወይም ከዲስኩ ተላቋል። በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ መስመሮች ከታዩ ድምፁ በሁለት ንጣፍ መሃል እየተመላለሰ ነው፤ በመስመሮቹ መሃል ያለውን ጊዜ ከለኩ የትኛው ንጣፍ እንደሆነ ውፍረቱ ይነግርዎታል።

የሚታየው ጥልቀት ከእውነተኛው በ3.5 በመቶ ያህል ከበለጠ መሣሪያው ላይሆን ይችላል። 22 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,488 ሜትር ይጓዛል፤ ሶፍትዌሩ 1,540 ካለ 10 ሴንቲሜትሩ 10.35 ሆኖ ይታያል። በሁሉም ጥልቀት ላይ እኩል ሚሊሜትር ከተሳሳተ ግን የመነሻ ሰዓቱ ነው፤ የፊት ሽፋኑና የኬብሉ መዘግየት አልተቀነሰም።

ምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ሽክርክሪት ወይም ዝናብ የሚመስል ነገር ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። ከጠፋ ምንጩ ተገኘ። ካልጠፋ የፕሮቡን ውስጥ በመዳብ ቴፕ ሸፍነው ቴፑን ከኬብሉ ሽፋን ጋር ያገናኙ። ኬብሉም ይታይ፦ አርጂ174 የተባለው ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ አለው። ለ10 ሚሊሜትር ዲስክ ብዙም አይጎዳም፤ እያንዳንዳቸው በአሥሮች ፒኮፋራድ ብቻ ለሆኑ የ128 ክፍል ፕሮብ ግን አንድ ሜትር ተኩል ኬብል ምልክቱን ይበላዋል።

ከ3 ሴንቲሜትር በፊት ያለው ምስል ቢዘበራረቅ አይደንግጡ። ለዚህ ዲስክ በ2 ሜጋኸርዝ ጨረሩ የሚሰበሰበው 32 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በባሕርይው ያልተስተካከለ ነው።

በራሴ ወይም በጓደኛዬ ሆድ ላይ ብሞክረው ምን አለ?

አይሞከር፤ በነፍሰ ጡር ላይማ በፍጹም። ሰው ከመነካቱ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ነገሮች አሉ። የፕሮቡ ፊት ሥጋ መሰል ፋንተም ላይ ሆኖ ከ43 ዲግሪ፣ አየር ላይ ሆኖ ከ50 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ ይህ አይኢሲ 60601-2-37 የተባለው ዓለም አቀፍ የአልትራሳውንድ ደኅንነት ደረጃ ገደብ ነው። በተለመደ ሁኔታ ወደ ታካሚ የሚያልፈው የፍሳሽ ከረንት በቢኤፍ ዓይነት (የታካሚን ሰውነት የሚነካ ክፍል ባለው) መሣሪያ ከ100 ማይክሮአምፔር ማለፍ የለበትም። የድምፁ ጉልበት በሃይድሮፎን (ውኃ ውስጥ በሚሠራ ማይክሮፎን) ተለክቶ መታወቅ አለበት፤ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከዓይን ምርመራ ውጪ የሚቀበለው ጣሪያ ሜካኒካል ኢንዴክስ (የድምፁ ግፊት ሥጋን የመጉዳት ዕድሉን የሚያመለክት ቁጥር) 1.9 እና በካሬ ሴንቲሜትር 720 ሚሊዋት ነው። ጣሪያ ማለት ግን ዒላማ ማለት አይደለም፤ ኤኮው የሚታይበት ትንሹ ጉልበት ነው የሚመረጠው።

አገር ውስጥ የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከዚያም በፊት በተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ይታያል። ቦርዱ ዘንድ ሲቀርቡ ከፋንተም የተገኘ ልኬት፣ የሙቀትና የከረንት መዝገብ፣ የሕክምና መሣሪያ አደጋ አስተዳደር ደረጃ በሆነው በአይኤስኦ 14971 መሠረት የተጻፈ የአደጋ ትንተና ይዘው ይሂዱ። እነዚህን ከመጀመሪያው ስሪት ጀምሮ መመዝገብ በኋላ ከማስታወስ ይቀላል።

በሙከራ ጊዜ ሁሉ ሰርኪውት ቦርዱም ላፕቶፑም በባትሪ ይሥሩ። ለደኅንነትም ይረዳል፣ የኤሌክትሪክ ጩኸቱንም ይቀንሳል፣ መብራት ሲጠፋም ልኬቱ አይቋረጥም።

ጄል ካለቀብኝስ?

ለፋንተም ሙከራ አንድ እጅ የበቆሎ ስታርች በአሥር እጅ ውኃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። በዚያው ቀን ይጠቀሙበት፤ ሲያድር ይበላሻል። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት አይቀቡ፤ የሲሊኮን ሌንስን ያሳብጣሉ።

ከሆስፒታል የተወገደ አሮጌ ፕሮብ ይጠቅማል?

በጣም። የሞተ ፕሮብ ብዙ ጊዜ የሞተው ኬብሉ ነው፤ ከመያዣው አጠገብ ሲታጠፍ ሲታጠፍ ጥቂት ሽቦዎች ይበጠሳሉ፣ ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር የሚታየው ለዚህ ነው። የቀሩት ክፍሎች ደህና ከሆኑ አንድ በአንድ ካፓሲታንሳቸውን ለክተው ካርታ ያውጡ፤ ከጎረቤቶቹ በጣም ያነሰው የተበጠሰው ነው። ፕሮቡን የሚረከቡት በጽሑፍ፣ ከተቋሙ የንብረት ክፍልና ከባዮሜዲካል ባለሙያው ጋር ይሁን፤ ከመፈታቱ በፊትም በተቋሙ ደንብ መሠረት በፀረ ተህዋሲያን ይጽዳ። ሌንሱ ከተላጠ ወይም ከተሰነጠቀ ለፋንተም ብቻ ያገልግል፤ ከሥሩ ያለው ኤሌክትሮድ ከቆዳ ጋር ሊገናኝ ይችላል።